የተማሪዎች ክሊፕ የሚበላሸው ካሜራው ሳይከፈት ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ከአራብሳ እስከ የካ አባዶ ባሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች የሚማሩ ልጆች «የሙዚቃ ክሊፕ ሠርታችሁ አምጡ» የሚል የቡድን ሥራ ሲሰጣቸው መጀመሪያ የሚያደርጉት ገንዘብ ማዋጣት ነው። የተዋጣው ገንዘብ ወደ መሃል ከተማ ወርዶ ካሜራ ይከራያል፣ የተረፈው ለኤዲተር ይከፈላል። የትኛው ግጥም የት ቦታ፣ በስንት ሰዓት፣ በማን እንደሚቀረጽ ግን በወረቀት ያሰፈረ የለም። ስለዚህ የሚመጣው ከንፈሩ ከድምፁ ያልገጠመ፣ የዘፋኟ ፊት የጠቆረበትና ግማሹ የቡድኑ አባል እጁን ያላስገባበት አራት ደቂቃ ይሆናል።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በቀረጻና በኤዲቲንግ የምንተዳደር፣ በእነዚህ ሰፈሮች ያሉ የሚኒ ሚዲያ ክበቦችንም የምናግዝ ሰዎች ነን። ለመምህራኑም ለተማሪዎቹም የምንለው አንድ ነው። ክሊፕ የሚሠራው ከቀረጻው በፊት ባሉት ሳምንታት ነውና ገንዘቡም፣ ጊዜውም፣ ማርኩም ወደዚያ ይዙር። ለቀረጻው በ1080 (ፉል ኤችዲ) ጥራት የሚቀርጽ አንድ ደህና ስልክ ይበቃል።

ከዘፈኑ እንጀምር። ብዙ ቡድን የታወቀ ዘፋኝ ሥራ መርጦ ከንፈሩን ያንቀሳቅስበታል። ለክፍል ውስጥ ልምምድ ይሁን እንበል፤ ዩቲዩብ ወይም ቲክቶክ ላይ ሲጫን ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የግጥምና የዜማ ደራሲው፣ ዘፋኙና የድምፅ ቅጂው አሳታሚ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መብት አላቸው። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጸናል። ዩቲዩብም ኮንቴንት አይዲ በሚባለው ሥርዓቱ የተመዘገበን ቅጂ በራሱ ጊዜ ለይቶ ቪዲዮውን ሊያግደው ወይም ገቢውን ወደ ባለመብቱ ሊያዞረው ይችላል። «ለትምህርት ብቻ የተሠራ» ብሎ ከሥር መጻፍ ከዚህ አያድንም።

የተሻለው የቡድኑ የራሱ ዜማ ነው። ደራሲው የማይታወቅ የአዲስ ዓመት ወይም የቡሄ ሕዝባዊ ዜማ በራስ ድምፅ መዝፈን ይቻላል። ክራር ወይም ማሲንቆ የሚሞክር ልጅ ካለ ደግሞ በትዝታ ወይም በባቲ ቅኝት አዲስ ዜማ ይሠራል። ርዝመቱ ከሁለት ደቂቃ ተኩል አይለፍ። አምስት ደቂቃ ለመሙላት የሚያስፈልገው የሾት፣ ማለትም ሳይቆረጥ የሚታይ የአንድ ቁራጭ ምስል፣ ብዛት እጥፍ ነው፤ ተማሪ ያንን ሲያጣ አንዱን ሾት አምስት ጊዜ ይደጋግመዋል።

ድምፁ የሚቀዳበት ክፍል ከማይክሮፎኑ ይበልጣል። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ግድግዳው ባዶ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ስለሆነ ድምፁን መልሶ ይወረውረዋል፤ ያ ማሚቶ አንዴ ከተቀዳ ደግሞ በኤዲቲንግ ማውጣቱ ያስቸግራል። መኝታ ክፍል ገብቶ፣ ፍራሹን ግድግዳ ላይ አቁሞ፣ ከዘፋኙ ጀርባ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቅሎ መቅዳት ብዙ ለውጥ ያመጣል። ስልኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፤ ትንሽ ወደ ጎን ገለል ብሎ ይቀመጥ፤ አለዚያ «በ» እና «ፐ» በተባሉ ቁጥር የሚወጣው ትንፋሽ ማይኩን ይመታዋል። ዘፋኙ ሙዚቃውን በጆሮ ማዳመጫ ይስማ፤ ከስፒከር ከሰማ ሙዚቃው ከድምፁ ጋር አብሮ ይቀዳና መለየቱ ያስቸግራል። መቅጃው 48 ኪሎኸርዝ ዌቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) ላይ ይሁን። የድምፁ ጫፍ በመቅጃው መለኪያ ላይ ከሲቀነስ 12 እስከ ሲቀነስ 6 ዴሲቤል ባለው መካከል ይዋል። ዜሮን ነክቶ የተሰነጠቀ ድምፅ በደንብ አይጠገንም፤ ያነሰውን ግን ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ዘፈኑ ካለቀ በኋላ አይነካ። ቀረጻው ካለፈ በኋላ «አዝማቹን ትንሽ እናፍጥነው» ማለት የተቀረጸውን ሁሉ መጣል ነው።

ከዚያ ወረቀት ይወጣል። ዘፈኑን በሰከንድ ከፋፍሎ አራት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ መሥራት ነው፤ በስንተኛው ሰከንድ፣ የትኛው ስንኝ፣ ምን ይታያል፣ የት ቦታና በስንት ሰዓት ይቀረጻል። ሁለት ደቂቃ ተኩል 150 ሰከንድ ነው። አንድ ሾት በአማካይ 3 ሰከንድ ቢቆይ 50 ሾት ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህን ቁጥር የሰማ ተማሪ ይደነግጣል፤ ሆኖም 50 ቦታ መሄድ አይጠበቅበትም። አሥር አቀማመጥ (ካሜራውና ዘፋኟ የሚቆሙበት ቦታ) ቢመረጥና በእያንዳንዱ ላይ ዘፈኑ ወይም የዘፈኑ ክፍል ሦስት ጊዜ ቢቀረጽ ይበቃል። ልምድ የሌለው ቡድን አንዱን አቀማመጥ ለመጨረስ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጅበታል። በቀን ውስጥ ደግሞ ጥሩ ብርሃን ያለው ለአራት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አሥሩ አቀማመጥ የሁለት ቀን ሥራ ነው። በአንድ ቅዳሜ ሁሉንም ለመጨረስ የሚነሳ ቡድን ከምሳ በኋላ ያለውን ግማሽ በችኮላና በጠራራ ፀሐይ ይቀርጻል፤ ኤዲቲንግ ላይ የሚጣለውም ያ ግማሽ ነው።

አሁን ብዙ ሥራ ወደሚበላሽበት ቦታ እንምጣ፤ ፕሌይባክ። ዘፋኟ ካሜራ ፊት ስትዘፍን ዘፈኑ በስፒከር ይለቀቅላታል። በዚህ ጊዜ በዝምታ ከንፈር ማንቀሳቀስ ክልክል ነው፤ ድምፅ አውጥታ፣ ከሆዷ ትዝፈን። በዝምታ የምትዘፍን ሰው አንገቷ ላይ ያለው ጅማት አይወጠርም፣ ትንፋሽ የምትስብበት ቦታም ይጠፋል፤ ተመልካች ምክንያቱን ባያውቅም ውሸት መሆኑን ያውቀዋል።

ዘፈኑን የሚያጫውተው መሣሪያ ከሚቀርጸው ስልክ ሌላ ይሁን። ፍላሽ የሚቀበል ስፒከር ከሁሉ ይመቻል፤ ብሉቱዝ ርቀት ሲጨምር ይቆራረጣል፣ ከአጫዋቹ ስልክ ጋር ሁለት ስፒከር ሲገናኝ ደግሞ አንዱ ከሌላው ዘግይቶ ማሚቶ ይፈጥራል። ፍላሹ ላይ ዘፈኑ ሙሉውን ብቻ አይጫን። የመጀመሪያው ግጥም፣ አዝማቹ፣ ሁለተኛው ግጥም ተቆርጠው ለየብቻ ይቀመጡ፤ እያንዳንዱ ከመጀመሩ በፊት አራት ምት የሚቆጥር ጭብጨባ ይግባበት። ዘፋኟ መግቢያዋን ታውቃለች፤ ኤዲተሩም በዚያ ጭብጨባ ይገጥማል። የሚቀርጸው ስልክ የራሱን ድምፅ አብሮ መቅዳት አለበት። ያ ድምፅ መጨረሻ ላይ ይጠፋል፣ ግን ዘፈኑን ከምስሉ ጋር የምናገናኘው በእሱ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይታወቅ። ስፒከሩ ዘፋኟ እግር ሥር ሆኖ ካሜራው 30 ሜትር ርቆ ቢቆም፣ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ካሜራው ጋ የሚደርሰው 90 ሚሊ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች) ሲቆጠር ከሁለት ፍሬም በላይ ማለት ነው። ኤዲተሩ በድምፁ ገጥሞ «ልክ ነው» ይላል፤ ስክሪኑ ላይ ግን ከንፈሩ ቀድሞ ድምፁ ይከተላል። መፍትሔው ያንን ቪዲዮ ሁለት ፍሬም ማዘግየት ነው። በቅርብ የተቀረጸ ሾት ይህ ችግር የለበትም። ስለዚህ መዝገብ ያዡ፣ ማለትም የእያንዳንዱን ቀረጻ ማስታወሻ የሚጽፈው ልጅ፣ ካሜራው የራቀበትን ሾት «ሩቅ» ብሎ ይጻፍበት።

ሌላው የከንፈር ጠላት የስልኩ የፍሬም ፍጥነት ነው። ስልክ ብርሃን ሲያንሰው ፍጥነቱን በራሱ ይቀንሳል፤ 30 ብለን የከፈትነው 24 ላይ ይወርዳል፣ መልሶ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ የገጠመው ከንፈር ከአንድ ደቂቃ በኋላ የሚለቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ፍጥነቱንና ብርሃኑን በእጅ መቆለፍ የሚያስችል መተግበሪያ መጠቀም ያስፈልጋል፤ ብላክማጂክ ካሜራና ኦፕን ካሜራ ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው። በተለመደው የስልክ ካሜራ ከተቀረጸም ወደ ኤዲቲንግ ከመግባቱ በፊት ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ቋሚ 25 ፍሬም ይቀየር።

25 የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። የሀገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይጨልማል ይበራል። 30 ፍሬም ላይ በ1/60 ሻተር (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት የሰከንድ ክፍልፋይ) ቤት ውስጥ የሚቀረጽ ቪዲዮ ላይ ጥቁር መስመር ከላይ ወደ ታች ሲንሸራተት የሚታየው ለዚህ ነው። ሻተሩ 1/50 ወይም 1/100 ሲሆን መስመሩ ይጠፋል። አንዳንድ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል ግን በዚህም አይታረምም፤ ቀይሮ ሌላ መሞከር ነው።

ወደ ብርሃኑ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፤ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 አካባቢ ደግሞ ቀጥ ብላ የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ይገባል። በዚህ ሰዓት የተቀረጸ ፊት ዓይኑ ጉድጓድ ይሆናል፣ ከአፍንጫው ሥር ጥቁር ጥላ ይወርዳል። ለቀረጻ የሚሆነው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም ከ10 እስከ 12 ሰዓት ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ ብርሃኑ የሚቆየው 20 ደቂቃ ገደማ ብቻ ስለሆነ «ጀንበር ስትጠልቅ» ተብሎ የተያዘ ሾት አስቀድሞ ተለማምዶ፣ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት።

በቀትር መቅረጽ ግድ ከሆነ ሕንፃው ይረዳል። የኮንዶሚኒየም ብሎክ ጥላ ውስጥ ገብታችሁ ፀሐይ የመታውን የፊት ለፊት ብሎክ ግድግዳ ታያላችሁ? ያ ግድግዳ ትልቅ ሪፍሌክተር ነው። ዘፋኟ ጥላው ውስጥ ሆና ፊቷን ወደዚያ ግድግዳ ታዙር። ጥላ በሌለበት ሜዳ ላይ ሁለት ልጆች ነጠላ ወይም ስስ አቡጀዴ ወጥረው ከራሷ አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይያዙላት፤ ጨርቁ የፀሐዩን ስለት ይሰብረዋል። ከደረቷ በታች ደግሞ የቴሌቪዥን ማሸጊያ ነጭ ፎም ወደ ፊቷ አዘንብሎ መያዝ የዓይኗን ጥላ ይሞላል። ፎሙ ነፋስ ስለሚወስደው የሚይዘው ሰው ሥራው ያ ብቻ ይሁን።

የሐበሻ ልብስ በሚለበስበት ክሊፕ ስልኩ የሚሳሳትበትን ቦታ ማወቅ ይጠቅማል። ስልኩ ሰፊ ነጭ ሲያይ «ብርሃን በዛ» ብሎ ሁሉን ያጨልማል፤ ልብሱ ግራጫ፣ ፊቱ ጥቁር ይሆናል። ጣታችሁን ፊቷ ላይ አስነክታችሁ ብርሃኑን ቆልፉ። ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሳችሁ የቀሚሱን ጥለት ተመልከቱ፤ ክሮቹ አንድ በአንድ ሲለዩ አቁሙ። ጥለቱ ነጭ ሆኖ ከጠፋ ብርሃኑ በዝቷል፣ ክሩ እየታየ ፊቷ ከጨለመ ደግሞ ፎሙን ማስጠጋት ነው። ነጠላው በሁሉም ሾት በአንድ ትከሻ መሆኑን መዝገብ ያዡ ይከታተል። ነጠላ ለሐዘን ሲሆን እንዴት ተዘቅዝቆ እንደሚለበስም ከቤት ትልቅ ሰው ይጠየቅ፤ የደስታ ዘፈን ላይ በስህተት እንዲያ ለብሶ የወጣ ተወዛዋዥ ቤተሰብ ሁሉ የሚያየው ስህተት ነው።

እስክስታ ሲቀረጽ ካሜራው ይቁም። ትከሻው እየሄደ ካሜራውም ከሄደ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። ከወገብ በላይ፣ በግራና በቀኝ ለክንድ ቦታ ትቶ መቅረጽ ነው። በ1/50 ሻተር የትከሻው ንዝረት ይደበዝዛል፤ በ1/100 ጥርት ይላል። ስልክን በፍጥነት ወደ ጎን ማዞርም ከኋላ ያሉትን ሕንፃዎች ያዘማቸዋል፤ ምስሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ስለሚያነብ ነው። ትራይፖድ ከሌለ ባቄላ የሞላ የጨርቅ ከረጢት አጥር ወይም መኪና ላይ አስቀምጦ ስልኩን ማስደገፍ በእጅ ከመያዝ በብዙ ይሻላል።

ዘፋኟ በቀስታ እየተንሳፈፈች ከንፈሯ ግን ከዘፈኑ የሚገጥምበትን ሾት ሁሉም ቡድን ይመኘዋል። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ዘፈኑ ሁለት እጥፍ ፈጥኖ ይለቀቃል፣ እሷም በዚያ ፍጥነት ትዘፍናለች፣ ካሜራው በ50 ፍሬም ይቀርጻል። ኤዲቲንግ ላይ ወደ 25 ሲወርድ ከንፈሩ ወደ ትክክለኛው ፍጥነት ይመለሳል፣ ፀጉሯና ነጠላዋ ግን ይንሳፈፋሉ። የፈጠነውን ዘፈን ከቤት ሳትለማመድ ከመጣች አይሆንም። አማርኛ ላልቶና ጠብቆ የሚነገር ቋንቋ ስለሆነ በእጥፍ ፍጥነት ጠብቆ የሚነገረው ይጠፋል። ስንኙ አጭርና ቃሉ ጥቂት የሆነ ክፍል ይመረጥለት።

መሣሪያ የያዘ ሰው ከታየ መሣሪያውን የሚችል ይሁን። ማሲንቆ አንድ ክር ነው፤ ደጋኑ ወደየት እየሄደ እንደሆነ ማንም ያየዋል። ተጫዋች ከሌለ እጁን በቅርብ አታሳዩ። ክራር ላይ ጣት ለማሳየት ደግሞ ዘፈኑ ውስጥ ያለውን በትክክል የሚመታ ልጅ ካልተገኘ ትከሻውንና ፊቱን ብቻ ቅረጹ።

ስለ ቦታ። የከተማው ዳር ለቀረጻ የታደለ ነው፤ ኅዳር ላይ የጤፉ ማሳ ወርቃማ ሆኖ ከኋላው የኮንዶሚኒየሙ ብሎኮች ይታያሉ። ነገር ግን ጤፍ ሲረገጥ ይተኛል፣ የተኛው ደግሞ አጨዳ ላይ ያስቸግራል። ባለማሳውን አባት አስቀድሞ ሄዶ ማስፈቀድ፣ ከዚያም በድንበሩ ላይ ብቻ ቆሞ መቅረጽ ነው፤ ካሜራው ዝቅ ካለ ዘፋኟ መሃል ማሳ ውስጥ ያለች ትመስላለች። ብሎኮቹ መካከል ለመቅረጽ የነዋሪዎች ኮሚቴውንና የጥበቃ ሠራተኞቹን ማነጋገር፣ ለመንገድ ዳር ደግሞ ለወረዳና ለአቅራቢያው ፖሊስ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ቂሊንጦና ቃሊቲ በኩል ማረሚያ ቤቶች አሉ፤ ወደዚያ፣ ወደ ፖሊስና ወደ ወታደር ካምፕ፣ ወደ መብራት ኃይል ማከፋፈያ ካሜራ አይዙር። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሳም፤ ለተማሪ ክሊፕም አያስፈልግም። ከአራተኛ ፎቅ መተላለፊያ ወደ ታች የተቀረጸ ጭፈራ ያንኑ ስሜት ይሰጣል፤ ስልኩ በገመድ ከእጅ ይታሰር። በሾቱ ውስጥ የሚታወቁ ሕፃናት ካሉ ወላጅ ይጠየቅ።

ሥራ ክፍፍሉ ላይ አንለዝብም። ስምንት ልጅ ያለበት ቡድን ዳይሬክተር፣ ካሜራ የሚይዝ፣ ፕሌይባክ የሚለቅ፣ መዝገብ የሚይዝ፣ ብርሃንና ፎም የሚይዝ፣ ፈቃድና ምሳ የሚያስተካክል፣ ኤዲተርና ዘፋኝ ይኖረዋል። ከእነዚህ ሁሉ የሚናቀው መዝገብ ያዥ ነው፤ ኤዲተሩን የሚያድነውም እሱ ነው። ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት የአቀማመጡንና የሙከራውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፎ ካሜራው ፊት ያሳያል፣ ጮክ ብሎም ይናገራል፤ በደብተሩ ላይ «ጥሩ»፣ «ሳቀች»፣ «ባጃጅ አለፈ» እያለ ይጽፋል። ይህ ካልተደረገ ኤዲተሩ 30 ፋይል አንድ በአንድ ከፍቶ ማየት ይኖርበታል።

በቀረጻው ዕለት ጠዋት ስልኩ ፍላይት ሞድ ላይ ይግባ፤ መሃል ላይ የመጣ ጥሪ ቀረጻውን ያቋርጠዋል። ሌንሱ በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ይወልወል። ሁለት ሙከራ መካከል ስልኩ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፣ ፀሐይ ላይ የተረሳ ስልክ ግሎ ራሱን ይዘጋል። 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሆነ ፓወር ባንክ ሁለት ይያዝ። የ1080 ቪዲዮ በሰከንድ 17 ሜጋቢት ላይ ሲቀረጽ በደቂቃ 130 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል፤ አሥር አቀማመጥ፣ ሦስት ሦስት ሙከራ፣ ሁለት ደቂቃ ተኩል ሲባዛ 10 ጊጋባይት ገደማ ይመጣል። የዚያኑ ቀን ማታ ሁለት ቦታ ሳይገለበጥ ከስልኩ ላይ አንድም ፋይል አይጥፋ። በቴሌግራም መላላክ ግድ ከሆነ «ፋይል» ተብሎ ይላክ፤ እንደ ቪዲዮ ሲላክ ተጨምቆ ጥራቱ ይወርዳል።

ኤዲቲንግ ላይ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። ዘፈኑ መጀመሪያ ይነጠፍ፣ ከዚያ የዘፋኟ ሙከራዎች በሙሉ በላይ በላዩ ተደርድረው ይገጠሙ፤ ገና ምንም ሳይቆረጥ ሁሉም አንድ በአንድ ታይቶ ከንፈሩ ይፈተሽ። ድምፁ ከምስሉ ከአንድ ፍሬም በላይ ሲቀድም ሰው ይነቃበታል፤ ሲዘገይ ትንሽ ይታገሣል። መቁረጫው ምቱ ላይ ይሁን። የብዙ ዘፈኖቻችን ምት በስድስት የሚቆጠር ስለሆነ ብርቱው አንድና አራት ላይ ነው፤ በአራት እየቆጠረ የሚቆርጥ ኤዲተር ከሦስተኛው ስንኝ በኋላ ከከበሮው ይለያል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነፃ ይገኛል፣ ደካማ ኮምፒውተር ግን አይችለውም፤ ለዚያ ሾትካት ወይም ኬደንላይቭ ይሻላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ፕሮግራሙ በየአምስት ደቂቃው ራሱ እንዲያስቀምጥ ይስተካከል።

ርዕስና ስም ሲጻፍ በዩኒኮድ፣ ማለትም ሁሉም ኮምፒውተር በሚያነበው የፊደል ሥርዓት፣ የተሠራ ፊደል ይመረጥ፤ ኒያላ፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ። ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የኮምፒውተር ፊደል የተጻፈ ስም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። የመጨረሻው ፋይል 1920 በ1080፣ 25 ፍሬም፣ ኤች 264 (የቪዲዮ መጭመቂያ ዓይነት)፣ በሰከንድ 8 ሜጋቢት ገደማ፣ ድምፁ 48 ኪሎኸርዝ ይሁን። ዩቲዩብ ድምፅን ወደ ሲቀነስ 14 ሉፍስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ስለሚያወርድ ከዚያ በላይ ማስጮህ ጥቅም የለውም።

መምህራን ሆይ፣ ጥያቄያችን እናንተን ይመለከታል። ስድስት ሳምንት ስጧቸው፤ ሁለቱ ለዘፈኑ፣ አንዱ ለሠንጠረዡ፣ አንዱ ለቀረጻ፣ ሁለቱ ለኤዲቲንግ። ከመቶው 25 ለሠንጠረዡ፣ 15 ለድምፁ፣ 20 ለቀረጻ መዝገቡ፣ 20 ለመጀመሪያው ረቂቅ፣ የቀረው 20 ብቻ ለመጨረሻው ቪዲዮ ቢሆን የተከራየ ካሜራ ማርክ አይገዛም። ሠንጠረዡን ሳታዩ ወደ ቀረጻ አትልቀቋቸው። እያንዳንዱ ተማሪ የሠራውን በአንድ ገጽ ጽፎ ይፈርም፤ ከውጭ የተከፈለው ኤዲተር የሠራው ሥራም ከቡድኑ ሥራ እንዳይቆጠር ከመጀመሪያው ቀን ይነገር።

ርዕሰ መምህራንን ደግሞ ሁለት ነገር እንለምናለን። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ባዶ ክፍል ይከፈትላቸው፤ ቤታቸው ጠባብ የሆነ፣ ድምፅ የሚቀዱበት ቦታ የሌላቸው ብዙ ናቸው። ማኅተም ያረፈበት፣ ቀኑንና ቦታውን የሚገልጽ የትብብር ደብዳቤም ከቀረጻው ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ በልጆቹ እጅ ይግባ፤ ቀረጻው ዕለት ጠዋት የሚጻፍ ደብዳቤ ወረዳ ደርሶ እስኪመለስ ብርሃኑ ያልፋል።

ከአክብሮት ጋር፣
በአዲስ አበባ ዳርቻ የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያዎችን የምናግዝ የቀረጻና የኤዲቲንግ ባለሙያዎች